ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት

ሎሚው ጠቁሯል። ለዓመታት ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ሲያዳርስ የኖረ ዛፍ፣ ዛሬ ቅጠሉ ሁሉ የከሰል ዱቄት የተነዛበት ይመስላል። የግቢው ባለቤት ነገሩን በአጥሩ ሥር በሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጭስ ያመካኛሉ። ጎረቤታቸው አንድ ጊዜ አየት አድርገው «ዋግ መትቶታል፤ ቆርጦ መጣል ነው» ብለው ፈርደውበታል። አትክልተኛው ደግሞ ከገበያ በሃይላንድ የተቀዳ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ነጭ ፈሳሽ ገዝቶ ዛፉን ከላይ እስከ ታች አርሶታል። ሎሚው ግን ከሳምንት በኋላም ያው ጥቁር ነው።

እንዲህ ያለ ሎሚ በአዲስ አበባ ግቢዎች ብርቅ አይደለም። ምርመራውም ከአንድ እርጥብ ጨርቅ በላይ አይጠይቅም። የጠቆረውን ቅጠል ወልወል ሲያደርጉት ጥቁሩ እንደ ድስት ጥላሸት ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በሽታው ቅጠሉ ውስጥ አልገባም፤ ላዩ ላይ ተቀምጧል። የመኪና ጭስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጌሾም አይምረውም ነበር። ጥቁሩ ነገር ስኳር ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ታዲያ ሎሚ ቅጠል ላይ ስኳር ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ከጠቆረው ቅጠል በላይ ባለው ቅጠል ጀርባ ነው። ቅጠሉ ሲገለበጥ እንደ ምስር ክክ ጎበጥ ያሉ ቡናማ ነገሮች ጅማቱን ተከትለው ተለጥፈው ይታያሉ። የማይንቀሳቀሱ ስለሆኑ ብዙ ሰው የቅጠሉ አካል ይመስሉታል፤ ነገር ግን በጥፍር ሲነሡ የሚላቀቁ፣ ባለ ቅርፊት የሚባሉ ሕያው ነፍሳት ናቸው። አንዳንዴ በእነሱ ቦታ ጥጥ የለበሱ የነጭ ዝንብ ልጆች ወይም ለጋው ቀንበጥ ላይ የተከማቸ ክሽክሽ ይገኛል። ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ የዛፉን ጭማቂ ይመጥጣሉ። ጭማቂው ስኳሩ ብዙ፣ ገንቢው ጥቂት ስለሆነ ትርፉን ስኳር በስተኋላቸው ያንጠባጥቡታል። ከታች ያለው ቅጠል ይጣበቃል፣ ሻጋታውም ይበቅልበታል። ግንዱ ላይ የሚመላለሱት ጉንዳኖችም ለዚሁ ስኳር ነው የመጡት፤ እየላሱ ለባለ ቅርፊቶቹ ዘብ ይቆማሉ፣ ሊበሏቸው የሚመጡትን ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች ያባርራሉ። በሃይላንድ የመጣው መርዝ በቅርፊታቸው የተሸሸጉትን ትቶ የገደለው ምናልባት እነዚያኑ ጥንዚዛዎች ይሆናል።

ሦስት ፍርድ ተሰጠ፤ ቅጠሉን የገለበጠ ግን አንድም አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተክል ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ያቢጫል፣ ያነቁራል፣ ያረግፋል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ጥቂት መሆናቸውና ብዙ በሽታ የሚጋራቸው መሆኑ ነው። ውሃ የጠማውም ውሃ የበዛበትም ተክል ይጠወልጋል፤ ሥሩን ፍልፈል የበላውም፣ ግንዱን ባክቴሪያ የደፈነውም እንዲሁ። በዚህ ላይ የስማችን ጥቂትነት ይጨመራል። ገበሬ «ዋግ» ሲል በስንዴና በገብስ ላይ የሚወጣውን፣ በጣት ሲዳሰስ የዝገት ዱቄት የሚተወውን በሽታ ማለቱ ነው፤ በትክክልም ያውቀዋል። ከተማ ሲገባ ግን ቃሉ ለደረቀ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። «ምች»ም እንዲሁ። ስም ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ማንም ተመልሶ አያይም።

ሙያው ያላቸው ሰዎች በተቃራኒው ስሙን መጨረሻ ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ጉዳቱ መቼ እንደ ታየ፣ ከየት እንደ ጀመረ፣ ማንን መርጦ ማንን እንደ ተወ ነው። ሕይወት ያለው ጠላት፣ ትልም ይሁን ፈንገስ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጥግ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይዛመታል፤ ዘርም ይመርጣል፤ የጽጌረዳ በሽታ ጎመን ላይ አይወጣም። ሕይወት የሌለው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት መጥቶ የማይዛመዱ ተክሎችን አንድ ላይ ይመታል፣ ከዚያም ባለበት ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከአንድ ጥርት ያለ ሌሊት በኋላ የአቮካዶው ጫፍ፣ የሙዙ ቅጠልና የድንቹ ማሳ አብረው ቢጠቁሩ፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ያለው ተክል ግን ደህና ከሆነ፣ ያ ውርጭ ነው። ፀረ ፈንገስ ቢረጩት ብር ከመጣል በቀር የሚመጣ ነገር የለም።

አዲስ ቤት የሠሩ ሰዎች ጽጌረዳ ላይ የሚታየው መቢጨት ሕይወት ለሌለው ምክንያት ሌላ ጥሩ ማሳያ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ የተተከለው ጽጌረዳ ከወራት በኋላ ቢጫ ይሆናል። ባለቤቱ ፍግ ይጨምርበታል፣ ውሃ ያጠጣዋል፤ ቢጫው ይብሳል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የቢጫው ዓይነት ራሱ ይናገራል። የቢጩት ጫፍ ላይ ያሉት አዲሶቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል፣ በጅማቶቹ መካከል ያለው ነው የገረጣው። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ደህና ናቸው። ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው። ናይትሮጂን ሲያጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ስለሚሰጥ የሚቢጨው ከታች ነው። ብረትን ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር አይሆንለትም።

ብረቱ ታዲያ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ አፈሩ ውስጥ አለ። በግንባታው ጊዜ ሲሚንቶ የተቦካው፣ ባልዲና አካፋው የታጠበው፣ የግድግዳው ፍርፋሪ የተቀበረው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። የሲሚንቶው ኖራ አፈሩን ይለውጠውና ብረቱ ሥር ሊስበው በማይችል መልክ ይታሰራል። መፍትሔው በሲሚንቶ የተበላሸውን አፈር አውጥቶ በደህና አፈርና በኮምፖስት መተካት፣ ካስፈለገም ሥር ሊስበው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት መስጠት ነው። የጽጌረዳው ሕመም ጽጌረዳው ከመተከሉ በፊት፣ በግንበኞቹ ጊዜ ነው የጀመረው።

ከከተማ ዳር ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ጤፍና ስንዴ ማሳ አጠገብ ያለ ጓሮ ውስጥ ቲማቲሙ በድንገት ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ይጠብባል፣ ግንዱም ይቆለመማል። ወይን ካለ ወይኑም እንደዚያው። ቫይረስ ነው ተብሎ ብዙ ቲማቲም ተነቅሏል። ነገር ግን «ቱ ፎር ዲ» የሚባለው ፀረ አረም የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ ጤፉን የሚተወው ጤፍ የሣር ወገን ስለሆነ ነው። ቲማቲምና ወይን ለእሱ እጅግ ስስ ናቸው። ነፋስ ያመጣው ጥቂት ጠብታ፣ ወይም ለአረም ተረጭቶበት በደንብ ያልታጠበ መርጫ፣ ይበቃቸዋል። በዚህ ጊዜ ቅጠሉን ከማየት ይልቅ ጎረቤት ማሳው መቼ እንደ ተረጨ መጠየቅ ይሻላል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ተረት ለአቮካዶ ቃል በቃል ይሠራል። ቅጠሉ ያነሰ፣ የገረጣ፣ ከጫፍ ጀምሮ የሚደርቅ አቮካዶ ሲታይ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያንጋጥጠው። መቆፈር ነበር የሚገባው። ዛፉ የቆመው በዋልካ አፈር ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ከሆነ፣ ሥሩ አየር አጥቷል። ደህና መጋቢ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ጥቁር ሆኖ ሲይዙት ይፈረካከሳል። ውሃ የሚወድ አንድ ተዋሕስ ሥሩን እየበላው ነው፤ ስሙ ፋይቶፍቶራ ይባላል፤ በግሪክኛ «ተክል አጥፊ» ማለት ነው። ውሃ ሳያጣ የተጠማ የሚመስለውን ይህን ዛፍ ብዙዎች በርኅራኄ እያጠጡ ነው የሚገድሉት። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በዕቃ የተተከሉ አበቦችም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ደግነት ነው የሚሞቱት።

የዚህ ስም ባለቤት የሆነው ወገን በታሪክ የታወቀው ግን በድንች ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1845 የለንደኑ የአትክልተኞች ጋዜጣ «ጋርድነርስ ክሮኒክል» የድንቹ በሽታ አየርላንድ መግባቱን ለአንባቢዎቹ አረዳ። አዘጋጁ ጆን ሊንድሊ የተከበሩ የእፅዋት ሊቅ ነበሩ፤ ፍርዳቸውም ያን ዓመት የበዛው ዝናብና ቅዝቃዜ ድንቹን ውሃ አብዝቶበት አበሰበሰው የሚል ነበር። ማይልስ በርክሌይ የሚባሉ የእንግሊዝ ቄስ በአጉሊ መነጽር ቅጠሉ ላይ ያዩትን ስስ ነጭ ጸጉር ይዘው ተከራከሩ፤ ይህ ሻጋታ የበሽታው ውጤት ሳይሆን ምክንያቱ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 ጻፉት፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እውነትነቱን በሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። በመካከሉ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃብ ባመጣው በሽታ አልቋል፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰዷል። ሊንድሊ ግማሽ ልክ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ እርጥበቱ በሽታውን አልወለደውም እንጂ አሳድጎታል።

ያው በሽታ ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት በመጣ ቁጥር ድንችና ቲማቲም ላይ ይወርዳል። ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ቡናማ እድፍ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉ ቢገለበጥ፣ በእድፉ ዳር በርክሌይ ያዩት ነጭ ጸጉር በዓይን ይታያል። ቀን ሲሞቅ ግን ይጠፋል። ለዚህ ነው ከምሳ በኋላ የሚመረምር ሰው የሚያመልጠው።

ቲማቲም ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ከሩቅ ሲታይ ያው ደረቅ ቡናማ የሆነ፣ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ሌላ የሆነ ጉዳት አለ። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን፣ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት ራት እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ ትሏ ከላይኛውና ከታችኛው የቅጠል ቆዳ መካከል ገብታ ሥጋውን ብቻ ትበላለች። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ነገሩን ይለያል። እድፉ እንደ መስኮት ብርሃን ካሳለፈ፣ ውስጡም ጥቁር ኩስ ወይም ትንሽ ትል ከታየ ቱታ ነች። ለድንች በሽታው የሚረጨው ፀረ ፈንገስ እሷን አያሳስባትም፤ እሷን የሚገድለውም ለሻጋታው ምኑም አይደለም። ሁለት ሰከንድ ወደ ፀሐይ ማንሣት የአንድ ወቅት ወጪ ያድናል።

ትልን በተመለከተ ሰዓትም ይወስናል። ጎመኑ ተበሳስቶ ቀን ላይ ምንም የማይገኝ ከሆነ፣ ማታ በእጅ ባትሪ መውጣት ነው። ቀንድ አውጣ ከሆነ ሄዶ ያለፈበት መንገድ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ልጋግ ጥሏል። ችግኙ ከአፈሩ ጋር እኩል ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ አጠገቡ ያለውን አፈር በጣት ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ቆራጩ ትል ሌሊት የሠራውን ሠርቶ፣ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ እዚያው ተኝቷል። ጎመኑን መስኮት መስኮት ያስመሰለችው ትንሽ አረንጓዴ ትል ግን ቀንም ትገኛለች፤ ሲነኳት እየተንፈራገጠች ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ከዚያም በድር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። እንዲህ የምታደርገው የጎመን ራት ልጅ ነች።

ከሁሉ የሚያታልሉት ግን ዓይን በቀላሉ የማያያቸው ናቸው። በበጋ፣ በተለይ አቧራና ሙቀት በበዛበት፣ ጽጌረዳና ባቄላ ቅጠሉ በመርፌ ጫፍ የተነቀሰ ይመስል በጥቃቅን ገርጣ ነጥቦች ይሞላል፤ ከዚያ ይነሐሳል። የእጥረት ምልክት ይመስላል። አንድ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዞ ቅጠሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ይወድቃል። ጥቂት ትኩር ብሎ ላየው፣ ከአቧራው መካከል አንዳንዱ መሄድ ይጀምራል። ቀይ ሸረሪት የምትባለው ይህች ነች፤ ስምንት እግር ያላት የሸረሪት ዘመድ እንጂ የዝንብና የትል ወገን አይደለችም። ስለዚህ ለትል የሚሸጠው መድኃኒት አብዛኛው አይነካትም፤ ይልቅ የሚበሏትን ጠላቶቿን ገድሎ ሜዳውን ይለቅላታል። የአበባ እርሻዎች ይህን በውድ ዋጋ ተምረው ነው ዛሬ ቀይ ሸረሪትን የምትበላ ሌላ የሸረሪት ዘመድ ገዝተው የሚለቁት። ግቢ ውስጥ ግን የቅጠሉን ጀርባ በኃይለኛ ውሃ በተደጋጋሚ ማጠብ ብዙ ያቀላል።

ጽጌረዳ ከተነሣች አይቀር ስለ ሁለቱ ሌሎች ጠላቶቿም መናገር ይገባል፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም የተለመደ ነውና። አንደኛው ለጋውን ቅጠልና እምቡጡን ዱቄት የነሰነሰበት ያስመስለዋል፤ ቅጠሉ ይኮማተራል። ይህ ፈንገስ ከብዙ ዘመዶቹ ተለይቶ ለመብቀል የውሃ ጠብታ አይፈልግም፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ እርጥበታማ ሲሆን ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ክብ፣ ዳሩ እንደ ላባ የተበጣጠሰ፣ ዙሪያው የሚቢጭ፣ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ የሚያራግፍ። ይህኛው ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል ረጥቦ ካልቆየለት አይያዝም። ስለዚህ ማታ ማታ ጽጌረዳዋን በጎማ ከላይ የሚያጠጣ ሰው ለበሽታው ሌሊቱን ሙሉ አልጋ እያነጠፈለት ነው። ውሃውን ማለዳ፣ ከሥር ማጠጣት ብቻውን ግማሽ ሕክምና ነው።

ባክቴሪያ ሲሆን ደግሞ ብርጭቆ ያስፈልጋል። ቲማቲሙ ወይም ድንቹ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ ቅጠሉም ሳይቢጭ፣ በድንገት ከጠወለገ ግንዱን ከሥሩ በላይ ቆርጦ፣ ቁራጩን በጠራ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሎ መያዝ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩ ይጠብቁታል። በባክቴሪያ የተደፈነ ከሆነ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፤ ልክ እንደ ጭስ፣ ግን ወደ ታች። ክሩ ሚሊዮን ሚሊዮን ባክቴሪያ ነው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ለጠወለገ ቲማቲም ውሃ ከማጠጣቱ በፊት ብርጭቆ ነው የሚፈልገው። መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድና ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬ፣ ደበርጃን እዚያ መሬት ላይ ለዓመታት አለመመለስ ነው።

የእንሰት ወገን የሆነችው ኮባም የዚህ ዓይነት ጠላት አላት፤ ይህኛው ደግሞ ለዓለም የታወቀው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ነው። የእንሰት አጠውልግን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ገለጹት፤ በ1974 ሙዝም እንደሚያጠቃ ጻፉ። ከ2001 ጀምሮ ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ ማሳዎችን ያጠፋው ይኸው ነው። የመሃሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ወይም ክሬም የመሰለ ጠብታ ያወጣል። ሜዳውን የሚዞረው በዋነኛነት በቢላ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ኮባ የሚቆመው ለድፎ ዳቦ ቅጠል ነው፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ አንድ ቢላ ከግቢ ግቢ እየዞረ ቅጠል ይቆርጣል። ሰፈሩ የተዋደደ በሆነ ቁጥር ለባክቴሪያው መንገዱ የተጠረገ ነው። ቢላውን በእሳት ለብለብ ማድረግ ወይም በበረኪና ማጠብ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቫይረስ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ማወቁ እንጂ ማከሙ የለም። አረንጓዴና ገርጣ የተዘነቀበት፣ የተሸበሸበ፣ ያላደገ ቅጠል ምልክቱ ነው፤ አዛማጮቹ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ናቸው፣ አንዳንዴም የሰው እጅ። የመጀመሪያው የታወቀ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተገኘው ትምባሆ ላይ ነው፤ ያ ቫይረስ በተሠራው ትምባሆ ውስጥም በሕይወት ስለሚቆይ፣ ሲጋራ የያዘ እጅ ሳይታጠብ የቲማቲም ችግኝ ቢነካ ሊያስተላልፈው ይችላል። የአትክልት ጠላት እንደ ሲጋራ አጫሽ አትክልተኛ ያለ የለም ቢባል ብዙም ግነት አይሆንም።

አንዳንዱ ጠላት ደግሞ እንግዳ ነው። የግቢና የትምህርት ቤት አጥር ሆኖ የኖረው የፈረንጅ ጥድ ቦታ ቦታ እየለየ ሲነሐስና ሲደርቅ የታየው በእርጅና አልነበረም። የጥድ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ታየ፤ ኢትዮጵያ የደረሰው በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ለሚያይ፣ ቡናማ ግራጫ መንጋው ቀንበጡ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ ምራቁ ለዛፉ መርዝ ስለሆነ ክሽክሹ ከሄደ በኋላም ቅርንጫፉ መድረቁን ይቀጥላል። ማንጎ ላይ ነጭ ዱቄት ረድፍ በረድፍ የሚለጥፈውና ፍሬውን በሮዝማ ነቁጥ የሚያበላሸው ባለ ነጭ ቅርፊትም እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተመዘገበ። እንዲህ ያሉት ሩቅ የሚጓዙት ብዙ ጊዜ በችግኝ ነው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሲገዛ የአበባውን መፍካት ብቻ ሳይሆን የቅጠሉን ጀርባ የሚያይ ገዢ ከሻጩ ፊት ክፉ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይሁን።

መርጨት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህ መካድ የለበትም። ስሙና መጠኑ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ግን በፍጹም አይሆንም። ምን እንደሆነ የማይታወቅ ፈሳሽ ስንት ቀን ከቆየ በኋላ ጎመኑ እንደሚበላ አይታወቅም፤ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለን መርዝ ደግሞ የተጠማ ልጅ እንደ ውሃ ይጠጣዋል።

ነገሩ ካልተለየ ደግሞ የሚጠየቅ አለ። በወረዳና በቀበሌ ያሉ የግብርና ባለሙያዎች፣ በእፅዋት ጥበቃ ሥራው የታወቀው የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም በብዙ አገሮች፣ ኢትዮጵያም ውስጥ፣ የተዘረጉት የእፅዋት ክሊኒኮች በዚህ ይረዳሉ። ክሊኒኩ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛና አጉሊ መነጽር ነው፤ ገበሬው የታመመ ቅጠሉን ይዞ ይመጣል። ይዞ ሲመጣ ግን ፈጽሞ የሞተውን ቅርንጫፍ ማምጣት ትርፍ የለውም፤ የሞተ ነገር ላይ የሚገኘው በኋላ የመጣ ሻጋታ ነው። ጠላቱ የሚያዘው ከታመመውና ከጤነኛው ድንበር ላይ ነው። ቅጠሉን በጋዜጣ መጠቅለል ይሻላል፤ ላስቲክ ውስጥ ላብ ሲያልበው በመንገድ ይበሰብሳል። ሥሩን ከነአፈሩ መያዝም አይረሳ። በስልክ ፎቶ የሚልክም አንድ የተጠጋ ምስል ብቻ አይበቃውም፤ ሙሉው ተክል ከነአካባቢው፣ ቅርንጫፉ፣ ከዚያም የቅጠሉ ጀርባ።

ሎሚውም በመጨረሻ የተመረመረው ቅጠሉ ተገልብጦ ነው። ባለ ቅርፊቶቹ ክፉኛ የሰፈሩባቸው ጥቂት ቅርንጫፎች ተቆርጠው ተቃጠሉ። የቀሩት በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ታሹ። ጉንዳኖቹ እንዳይወጡ ግንዱ በጨርቅ ተጠመጠመ፣ ጨርቁም በቅባት ተለወሰ፤ አጥሩን የነካችው አንዲት ቅርንጫፍም ተከረከመች፣ ለጉንዳን ድልድይ ነበረችና። ጥቁሩ ወዲያው አልለቀቀም። ከአንድ ወር በኋላ ግን ጫፎቹ ላይ ቀላ ያሉ ለጋ ቅጠሎች ወጡ፤ ከመካከላቸው በአንዱ ጀርባ ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣቧ ጥቁር የሆነ ትንሽ ጥንዚዛ አዲስ የሰፈረውን ክሽክሽ እየለቀመች ነበር።